ነርሷ አስቀድማ ማየት ያለባት የትኛውን ሕመምተኛ ነው?

በነርሲንግ ፈተናዎቻችንና በተኝቶ ሕክምና ክፍሎቻችን መካከል ስላለው ርቀት የቀረበ ሒስ

በአገራችን የነርሲንግ ትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጠ ሁሉ የሚያውቀው አንድ የጥያቄ ዓይነት አለ። በክፍል ፈተና ይመጣል፤ በመውጫ ፈተና ይመጣል፤ በሙያ ብቃት ምዘናም አይቀርም። አራት ሕሙማን በአጭሩ ይገለጹና «ነርሷ አስቀድማ ማየት ያለባት የትኛውን ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። ተማሪው አንዱን ፊደል ያከብባል፤ ልክ ከሆነ ነጥቡን ያገኛል። ክሊኒካዊ ብያኔን፣ ማለትም ያዩትን፣ የሰሙትንና የለኩትን አገናዝቦ ምን እየሆነ እንዳለና ምን መደረግ እንዳለበት የመወሰንን ችሎታ፣ ብዙው ነርስ የሚማረው በዚህ ጥያቄ በኩል ነው። ሐኪሙም ነርሷ ጉዳዩን ተምራዋለች ብሎ የሚያምነው ይህን ጥያቄ አልፋ መምጣቷን ስለሚያውቅ ነው። እንግዲህ አንድ መጽሐፍ ወይም አንድ መመሪያ እንደሚተች ሁሉ ይህንም ጥያቄ መርምሮ መተቸት ተገቢ ይመስለኛል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ሐኪም እንጂ ነርስ አይደለም። ሆኖም በአዳማና በአካባቢዋ ባሉት የስምጥ ሸለቆ ከተሞች የሌሊት ተረኛ ሆኖ የሠራ ሐኪም፣ ሌሊቱን የከፋበት ሕመምተኛ በሕይወት ለመንጋት የበቃው ብዙ ጊዜ ነርሷ ቀድማ ስላስተዋለችው እንደሆነ ያውቃል። ስለዚህ ነርሷ የምትሰለጥንበት ጥያቄ የሐኪሙም ጉዳይ ነው።

ለውይይታችን እንዲመች፣ ልማዱን ተከትዬ አንድ ጥያቄ ላቅርብ።

«ተረኛዋ ነርስ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ አራት ሕሙማንን ተረከበች። ሀ) ክንዱ ተሰብሮ ከሥቃዩ የተነሣ የሚጮኽ የ30 ዓመት ሰው፤ የደም ግፊቱ 130/80። ለ) ከ6 ሰዓት በፊት በቀዶ ሕክምና የወለደች የ24 ዓመት እናት፤ የደም ግፊቷ 100/70፣ የልብ ምቷ በደቂቃ 128፣ ትንፋሿ በደቂቃ 28። ሐ) የስኳር ሕመም ያለባቸው የ60 ዓመት አዛውንት፤ የደም ስኳራቸው 240። መ) ነገ ወደ ቤቱ የሚሸኝ የሳንባ ምች ታካሚ። አስቀድማ ማየት ያለባት የትኛውን ነው?»

መልሱ ለ ነው። ወጣት ሴት ከደሟ ከ15 እስከ 30 ከመቶ የሚሆነውን ብታጣ እንኳ ሰውነቷ የደም ሥሮቿን አጥብቦና ልቧን አፍጥኖ የደም ግፊቷን ለጊዜው ሊያቆይላት ይችላል። ግፊቱ በግልጽ መውረድ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ የፈሰሰው ደም ከ30 ከመቶ ሲያልፍ ነው። በዚህች እናት ላይ የልብ ምቷ ቁጥር ከላይኛው የደም ግፊቷ ቁጥር በልጧል፤ 128ን ለ100 ብናካፍል 1.28 ይሆናል። በወላድ እናቶች ዘንድ ይህ ስሌት ከ0.9 ጀምሮ የማንቂያ ደወል ነው። ከማኅፀን የሚወጣው ደም ጥቂት ቢሆን እንኳ፣ ከቀዶ ሕክምናው ስፍራ የሚፈስሰው ደም በሆዷ ውስጥ ሊጠራቀም ይችላል።

የጥያቄው ውለታ

ከመንቀፋችን በፊት ውለታውን እንመስክር። በኑሯችን ወረፋ ማለት ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይስተናገድ ማለት ነው፤ በወፍጮ ቤትም ሆነ በመናኸሪያ ፍትሕ የሚባለው ይኸው ነው። የካርድ ክፍላችንም ቁጥር የሚሰጠው በዚሁ ሥርዓት ነው። ጥያቄው ግን ተማሪውን ከዚህ ልማድ ያላቅቀዋል። በመጣበት ሰዓት፣ በጩኸቱ ወይም በዘመዶቹ ብዛት ሳይሆን በሕመሙ ክብደት መዝን ይለዋል፤ የአየር መተላለፊያን፣ ትንፋሽንና የደም ዝውውርን በቅደም ተከተል እንዲያስብ ያስገድደዋል። ዘመድ የሌለው ድሃ ሰው በሆስፒታላችን ኮሪደር ላይ ሊከራከርለት የሚችል መርሕ ቢኖር ይህ ነው።

መርሑ ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ የሕፃናትን ሕመም በተቀናጀ መልክ ለማከም ያዘጋጁት መመሪያ ገና በሙከራ ላይ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በመስክ ከተፈተሸባቸው ስፍራዎች አንዷ ጎንደር ነበረች። መመሪያው የጤና ባለሙያውን አስቀድሞ አደገኛ ምልክቶችን እንዲፈልግ ያዝዛል፦ ሕፃኑ መጠጣት ወይም መጥባት አቅቶታልን? የወሰደውን ሁሉ ያስመልሳልን? አንቀጥቅጦታልን? ፈዝዟል ወይስ ራሱን ስቷል? ከዚያም ትንፋሹን እንዲቆጥር ያደርገዋል፤ ከ2 ወር እስከ 12 ወር ላለ ሕፃን በደቂቃ 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ12 ወር እስከ 5 ዓመት ላለ ደግሞ 40ና ከዚያ በላይ ፈጣን ነው።

ቅድሚያን ማስተካከል ሕይወት እንደሚያተርፍም ከአህጉራችን ልምድ እናውቃለን። በማላዊ፣ ብላንታየር በሚገኘው የንግሥት ኤልሳቤጥ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል የተመላላሽና የድንገተኛ አገልግሎቱ እንደ አዲስ ሲደራጅ፣ ሠራተኞቹ በትሪያጅ ሲሰለጥኑና የከፋባቸው ሕፃናት ከሰልፉ ወጥተው ወዲያው እንዲታዩ ሲደረግ፣ ቀድሞ ከ10 እስከ 18 ከመቶ የነበረው የተኝተው ታካሚዎች ሞት ወደ 6 እና 8 ከመቶ መውረዱን እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው ዘገባ አሳይቷል።

እንግዲህ ጥያቄው የቆመበት መርሕ እውነተኛ ነው። ችግሩ ጥያቄው መርሑን ሲያስተምር ሦስት ነገሮችን መሸፈኑ ነው።

አንደኛ፦ ቁጥሩ ከየት መጣ?

በፈተናው ወረቀት ላይ የእናቲቱ ትንፋሽ 28 መሆኑ ታትሞ ይገኛል። በተኝቶ ሕክምና ክፍል ግን ይህ ቁጥር አንድ ሰው አልጋዋ አጠገብ ቆሞ፣ ሰዓት ይዞ፣ ደረቷን እያየ አንድ ሙሉ ደቂቃ ካልቆጠረ በስተቀር አይገኝም። ሰላሳ ሕሙማን ላሉበት ክፍል ይህ ብቻውን የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

ውጤቱን ሁላችንም አይተነዋል። በየትኛውም ከተማ የሚገኝ የሕሙማን ቻርት ቢገለጥ ትንፋሽ በተጻፈበት መስመር 20፣ 20፣ 20፣ 20 የሚል ረድፍ ማግኘት አያስቸግርም። አስም ያለበትም 20፣ ወባ የያዘውም 20፣ ነገ የሚሸኘውም 20 ነው። ይህ ልማድ የነርሶች ብቻ አይደለም፤ ሐኪሙም በዙር ጊዜ መስመሩን አይቶ ያልፋል፣ ተለማማጁም ከላይኛው መስመር ይገለብጠዋል። በሌሎች አገሮችም የታወቀ ድክመት ነው።

ጉዳቱ ግን ከባድ ነው። የብሪታንያ የሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው የአዋቂ ሕሙማን የማስጠንቀቂያ ነጥብ አሰጣጥ፣ በደቂቃ 25ና ከዚያ በላይ የሆነ ትንፋሽ ብቻውን ከፍተኛውን 3 ነጥብ ያሰጣል፤ ሌላው ሁሉ ደኅና ቢሆን እንኳ ሕመምተኛው በአስቸኳይ እንዲታይ ያደርጋል። የደም መመረዝ ሲጀምር፣ ደም ሲፈስስ፣ የስኳር ሕመምተኛ ደም በአሲድ ሲሞላ፣ ሁሉም አስቀድመው ከሚናገሩባቸው ምልክቶች አንዱ ትንፋሽ ነው። ሳይቆጠር 20 የተጻፈበት ቻርት ከባዶ ቻርት ይከፋል፤ ባዶው «አልታየም» ብሎ ያሳስባል፣ 20 ግን «ታይቷል፣ ደኅና ነው» ብሎ ያስተኛል። የኛ ፈተና ቁጥሩን በነፃ ስለሚሰጥ፣ ቁጥሩን ማግኘት ራሱ የብያኔ ሥራ መሆኑን ተማሪው ሳይማር ይወጣል። በሰላሳ ደቂቃ የሁሉንም መቁጠር የማትችል ነርስ አስቀድማ የማንን ትቁጠር? ፈተናው ሊጠይቃት የሚገባው ይህን ነበር።

በዚሁ ርዕስ ሥር የሚወድቅ ሌላም ነገር አለ። ከወንጂ፣ ከመቂ፣ ከባቱ ወይም ከመተሐራ ወደ አዳማ የሚመጣ ሕመምተኛ ሕመሙን የሚናገረው በአፋን ኦሮሞ ሊሆን ይችላል፤ ተረኛዋ ነርስ ደግሞ አማርኛ ብቻ የምትችል ትሆናለች፤ በተገላቢጦሹም ያጋጥማል። ያን ጊዜ መረጃው የሚገኘው ከአስታማሚው ወይም ከጎን አልጋ ከተኛ ሰው አፍ ነው። አስታማሚ በየክፍሉ እንደ መጨናነቅ ምክንያት ብቻ ይቆጠራል፤ ነገር ግን «ልጄ ዛሬ ጠባዩ ተለውጦብኛል» የምትል እናት፣ ለንባብ የቀረበ ቁጥር ሁሉ ደኅና ቢሆንም፣ ሊናቅ የማይገባ ምልክት ይዛ መጥታለች። በአራቱ አማራጮች ውስጥ ግን አስታማሚ ተጽፎ አይቼ አላውቅም።

ሁለተኛ፦ ሕመምተኛው ቆሞ አይጠብቅም

በፈተናው ውስጥ ጊዜ ቆሟል። አራቱ ሕሙማን እንደ ፎቶግራፍ ናቸው፤ ተማሪው አስቦ እስኪጨርስ ማንም አይከፋበትም፣ አዲስ ሰውም አይገባም። የአዳማ ምሽት ግን እንዲህ አይደለም። ከተማዋ በጅቡቲ መስመር ላይ የተቀመጠች ናት። በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ በስተ ምዕራብ ይደርሳታል፤ በስተ ምሥራቅ ወደ ወለንጪቲና መተሐራ የሚሄደው የጭነት መኪና መንገድ ይቀጥላል፤ ከሞጆ የሚገነጠለው ደግሞ በመቂ፣ በባቱና በአርሲ ነገሌ አልፎ ወደ ሻሸመኔ ይወርዳል። አንድ ሚኒባስ ቢገለበጥ ዐሥር ሰው በአንድ ጊዜ ድንገተኛ ክፍል ይደርሳል። በዚያው ሰሞን፣ በተለይ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ባሉት ወራት፣ ከመስኖ አካባቢዎች ወባ የያዛቸው ሕፃናት ይመጣሉ።

በእንዲህ ያለ ምሽት ጩኸት ዓይንን ይስባል። አጥንቱ የተሰበረው ይጮኻል፤ ቤተሰቦቹም አብረው ይጮኻሉ። ነገር ግን የሚጮኽ ሰው አየር መተላለፊያው ክፍት ነው፤ አንጎሉም ደም እየደረሰው ነው። ጥግ ላይ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ዝም ያለው ሕፃን፣ ወይም ከመኪናው አደጋ በኋላ «እኔ ደኅና ነኝ፣ ብቻ ደከመኝ» ብሎ ግድግዳ የተደገፈው ጎልማሳ፣ ከሁሉ በላይ ሊያሳስብ ይችላል። ደግሞም ከአንድ ሰዓት በፊት አረንጓዴ ካርድ የተሰጠው ሰው አሁን ቀይ ሊሆን ይችላል። ትሪያጅ በር ላይ አንድ ጊዜ የሚፈጸም ሥርዓት ተደርጎ ከተወሰደ፣ ካርዱ ከሕመምተኛው ይልቅ ይታመናል።

የነርሲንግ ሊቃውንት ይህን ከተናገሩ ቆይተዋል። ፓትሪሺያ ቤነር እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመችው መጽሐፍ ጀማሪዋ ነርስ በሕግ እንደምትመራ፣ የበሰለችው ግን ሁኔታውን በሙላት አይታ ለውጡን ገና ሲጀምር እንደምትይዘው አስረዳች። ክሪስቲን ታነር እ.ኤ.አ. በ2006 ብያኔን በአራት እርምጃ ገለጸችው፦ ማስተዋል፣ መተርጎም፣ ምላሽ መስጠትና በሠሩት ላይ ተመልሶ ማሰላሰል። የኛ ጥያቄ ከአራቱ የሚፈትነው ሁለተኛውን ብቻ ነው። ያንን የጥያቄ ዓይነት ለዓለም ያስፋፋችው አሜሪካም ብትሆን ጉድለቱን አምና፣ የነርሶችን የፈቃድ ፈተና እ.ኤ.አ. በ2023 ለውጣለች፤ አዲሱ ፈተና አንድን ሕመምተኛ ከሰዓት ወደ ሰዓት እየተከታተለ፣ ምን ተለወጠ፣ ምን ይደረግ፣ የተደረገውስ ሠራ ወይ እያለ የሚጠይቅ ክፍል አለው። እኛ አሮጌውን ልብስ እንደ አዲስ ለብሰን የምንቀጥልበት ምክንያት አይታየኝም።

ሦስተኛ፦ ከብያኔው በኋላስ?

ከሁሉ የሚከብደኝ ይህ ነው። በፈተናው ላይ ነርሷ «ለ» ብላ ስታከብብ ጉዳዩ ያበቃል። በሕይወት ግን ነገሩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ነርሷ እናቲቱ እየደማች መሆኗን ጠረጠረች እንበል። ለኢንተርኑ ትናገራለች፤ ኢንተርኑ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገብቷል። ሬዚደንቱ ጋ ትደውላለች፤ ስልኩ አይነሣም። ከፍ ያለውን ሐኪም በቀጥታ መጥራት እንደ ድፍረት ይቆጠርባታል፤ ከዚህ በፊት «ለዚህ ነው የቀሰቀስሽኝ?» የተባለች ባልደረባ እንዳለች ታስታውሳለች። በመጨረሻ በቻርቱ ላይ የምናውቀውን ዐረፍተ ነገር ትጽፋለች፦ «ለተረኛ ሐኪም ተነግሯል»።

ይህች አጭር ዐረፍተ ነገር የሥርዓታችንን ጉድለት ሁሉ ትናገራለች። ለማን ተነገረ? በስንት ሰዓት? ምን ተባለ? ምን መልስ ተሰጠ? መልስ ካልመጣስ ምን ተደረገ? ከእነዚህ አንዱም የለበትም። ጽሑፉ ነርሷን ከተጠያቂነት ይጠብቃት ይሆናል፤ እናቲቱን ግን አይጠብቃትም። ነርሷ ልክ ፈርዳለች፤ ፍርዷ ግን ወደ ሥራ የሚሸጋገርበት መንገድ አልነበረውም። እንዲህ ባለ ቦታ ደጋግማ የሠራች ነርስ ቀስ በቀስ ማስተዋሏን ብታቆም ልንፈርድባት ይከብዳል፤ ማስተዋሏ ጭንቀት እንጂ ለውጥ አላመጣላትምና። እኛ ሐኪሞች «ነርሶቻችን ተነሣሽነት የላቸውም» ስንል፣ ተነሣሽነታቸው የት እንደ ቀረ አብረን መጠየቅ አለብን።

የአዳማ ታሪክ ራሱ ሌላ ምሳሌ ያስታውሰናል። የዛሬው የአዳማ ሆስፒታል ሕክምና ኮሌጅ ጅማሬው በ1938 ዓ.ም. የሜኖናይት ሚሲዮን በቀድሞ የጥጥ መዳመጫ ውስጥ ያቋቋመው፣ በአርበኛው በኃይለ ማርያም ማሞ ስም የተሰየመው ሆስፒታል ነው። ያ ሆስፒታል ድሬሰሮችን ያሠለጥን ነበር። ሐኪም በጣት በሚቆጠርበት በዚያ ዘመን፣ በገጠር ክሊኒክ ብቻውን የተመደበ ድሬሰር ማን ቶሎ ወደ ሆስፒታል ይላክ፣ ማን እዚሁ ይታከም የሚለውን ራሱ ይወስን ነበር። የድሬሰሩ ሥልጠና አጭር፣ ስሕተቱም ብዙ ሊሆን ይችል ነበር፤ ወደዚያ ዘመን እንመለስ አልልም። ነገር ግን ዛሬ በዲግሪ የተመረቀች ነርስ፣ ከድሬሰሩ የበዛ ዕውቀት ይዛ ከእርሱ ያነሰ የመወሰን ሥልጣን ካላት፣ ትምህርቷን ያባከንነው እኛው ነን።

«ነርስ የለንም» የሚለው መልስ

ይህን ሁሉ ሲሰማ ብዙው አንባቢ ትንፋሽ ለመቁጠር ጊዜው የት አለ ይላል። ተገቢ መልስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው የሊንዳ ኤይከንና ባልደረቦቿ ጥናት፣ በፔንሲልቬንያ ሆስፒታሎች ለአንዲት ነርስ በተጨመረ በእያንዳንዱ የቀዶ ሕክምና ታካሚ ልክ በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድል በ7 ከመቶ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ቁጥር ሕይወት ነው፤ የነርስ እጥረትን በቅድሚያ አሰጣጥ ብልኀት እንሸፍነዋለን ማለት ራስን ማታለል ነው።

ሆኖም እጥረቱ ብያኔን ይበልጥ አስፈላጊ ያደርገዋል። ሁሉንም ማዳረስ የሚቻልበት ክፍል ማንን ማስቀደም እንዳለበት ቢሳሳት እንኳ ዙሩ ደርሶ ያርመዋል፤ ማዳረስ የማይቻልበት ክፍል ግን ሲሳሳት የሚያርመው የለም። ሰላሳ ሕሙማን ለያዘች ነርስ የሁሉንም እኩል ለካሁ ብላ እንድትጽፍ ማዘዝ ውሸት እንድትጽፍ ማዘዝ ነው። ስድስቱን ለይታ በሚገባ እንድትከታተል መፍቀድ ግን ሊፈጸም የሚችል ትእዛዝ ነው።

ምን ይደረግ?

ከዚህ በታች የማቀርባቸው ሐሳቦች አዲስ ሕንፃም ሆነ አዲስ መሣሪያ አይጠይቁም።

በመጀመሪያ፣ ያልተቆጠረ ትንፋሽ አይጻፍ። ቦታው ባዶ ይተው፤ ባዶ በመተውም ማንም አይወቀስ። በአንጻሩ አዲስ የገባ፣ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት፣ በ24 ሰዓት ውስጥ የወለደች፣ ከ5 ዓመት በታች የሆነና ኦክስጅን ላይ ያለ ሕመምተኛ ትንፋሹ ሙሉ ደቂቃ ይቆጠር።

ሁለተኛ፣ የተራ ርክክብ ከአልጋ ቁጥር 1 ተጀምሮ እስከ መጨረሻው አልጋ በእኩል ድምፅ አይነበብ። መጀመሪያ «ያሳሰቡኝ ሕሙማን እነዚህ ናቸው፣ ምክንያቴም ይህ ነው» ተብሎ ይነገር። በቁጥር ያልተደገፈ ሥጋትም ቢሆን ይሰማ፤ በልምድ የበሰለች ነርስ «ደስ አላለኝም» ስትል፣ ማስረጃው ገና ቁጥር ሆኖ ባይወጣም፣ ሄዶ ማየት ይገባል።

ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ክፍል የጥሪ መሰላል በጽሑፍ ይለጥፍ፦ ማን ይጠራ፣ በስንት ደቂቃ ካልመጣ ማን ይተካ። ነርሷ እስከ ላይኛው ሐኪም ድረስ በቀጥታ የመደወል መብቷ ይጻፍ፤ ሐኪሞችም በፊርማ ይቀበሉት። «ተነግሯል» የሚለው ቀርቶ ለማን፣ በስንት ሰዓት፣ ምን እንደተባለና ምን እንደተመለሰ ይመዝገብ።

አራተኛ፣ መምህራን ጥያቄውን ያራዝሙት። «መልሱ ለ ነው» ካልን በኋላ እንቀጥል፦ የደም ግፊት መለኪያው ሌላ ክፍል ነው፤ ምን ታደርጊያለሽ? ከግማሽ ሰዓት በኋላ ምቷ 140 ሆነ፣ እጇም ቀዘቀዘ፤ ምን ተለወጠ? ሐኪሙ ስልክ አላነሣም፤ ቀጥሎ ማንን ትጠሪያለሽ? ወደ ሐኪሙ ስትደውዪ የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገርሽ ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ የሕክምና ተማሪዎችም ከነርሲንግ ተማሪዎች ጋር በአንድ ክፍል ተቀምጠው ቢመልሱት፣ ነገ ስልኩ ሲጮኽ ማን ለምን እንደሚደውል ያውቃሉ።

ለዚህች እናት መልሱ ዛሬም ለ ነው። ፈተናው ይህን በማስተማሩ እናመሰግነዋለን። ቁጥሯን የሚቆጥር፣ ለውጧን የሚከታተልና ነርሷ ስትጠራ የሚመጣ ሰው መኖሩን ማረጋገጥ ግን የፈተና አዘጋጁ ሥራ አይደለም፤ የነርሶች ኃላፊዎች፣ የሆስፒታል አስተዳዳሪዎችና የእኛ የሐኪሞች ሥራ ነው።